ክንዴ ዝም ያለ ዕለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው የኩላሊት እጥበት ላይ፣ ደሜ በማሽን ሲጣራ፣ ተኝቼ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ አንድ ክንድ ሳይንቀሳቀስ በሌላው እጅ ብቻ ገጽ መግለጥ አስቸጋሪ ነው፣ ግን ለምጄዋለሁ። ስለ ኩላሊት ሕመም በየጊዜው ታወጣላችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማሽን እጥረት፣ የእጥበቱ ዋጋ፣ የመድኃኒቱ መወደድ፣ በ2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ስለተጀመረው ንቅለ ተከላ፣ ይሄ ሁሉ ተጽፏል። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ትዘሉታላችሁ። ለመሆኑ ደማችን ወደ ማሽኑ የሚሄደው በየት በኩል ነው? ማሽኑ ቢኖር፣ ብሩም ከዘመድ አዝማድ ተለምኖ ቢገኝ፣ መውጫው ከተዘጋ ማሽኑ የቤት ዕቃ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ መውጫ ነው።

እጥበት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ደህና በሆንኩ ቀን አሁንም ሱሪ አሳጥራለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ከገዛ ክንዴ የተማርኩትን፣ ሌላውን ደግሞ አንድ ትዕግሥተኛ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ወረቀት ላይ እየሣለ ያስረዳኝን ነው።

መውጫው ፊስቱላ ይባላል። አውቃለሁ፣ ስሙን ስትሰሙ ሌላ ነገር ነው ትዝ የሚላችሁ። ለጎረቤታችን ለአንዲት እናት «ፊስቱላ ሊሠሩልኝ ነው» ስላቸው ክው ብለው «ወንድ ልጅም ይይዘዋል እንዴ?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። እዚህ አገር ፊስቱላ ሲባል ምጥ የጎዳቸው እናቶችና የሐምሊን ሆስፒታል ናቸው የሚታወቁት። ቃሉ ያው ነው፤ መገናኘት የሌለባቸው ሁለት ነገሮች መሀል የተከፈተ ቀዳዳ ማለት ነው። የእናቶቹን ሐኪም ይደፍነዋል፣ የእኛን ደግሞ ሐኪም ራሱ ሆን ብሎ ይከፍተዋል።

ሥራው ስፌት ነው። የእጅ አንጓ ላይ ደም ቅዳውን እና ደም መልሱን ያገኟቸዋል፣ ትንሽ ትንሽ ይቀዷቸዋል፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር አንዱን ከሌላው ይሰፏቸዋል። ልብ የሚገፋው ደም በኃይል ወደ ደም መልሱ ይገባል። ደም መልሱ እንዲህ ያለ ግፊት ለምዶ አያውቅም፤ ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይደነድናል፣ ከስድስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ወፍራሙን መርፌ የሚችል ይሆናል። ሐኪሞቹ «የስድስት ሕግ» የሚሏት አለቻቸው። የደም ሥሩ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር፣ ከቆዳ ሥር ያለው ጥልቀት ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የሚያልፍበት ደም በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትር። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይስባል፤ ግሉኮስ የሚሰካበት ተራ የክንድ ደም ሥር ይህን አቅርብ ቢሉት ከየት አባቱ ያመጣል።

በደንብ የሚሠራ ፊስቱላ ላይ ጣት ሲያስቀምጡበት ብርር ብርር ይላል። ድምፅም አለው። የልጅ ልጄ ጆሮዋን አስጠግታ «አባባ፣ ክንድህ ውስጥ ንብ አለ» ትለኛለች። ያቺ ንብ ናት ሰባት ዓመት ያኖረችኝ። እሷን ጠዋትና ማታ መዳሰስ ከፀሎት ቀጥሎ ያለ ሥራዬ ነው።

ይሄ ነገር ከመገኘቱ በፊት ሰዉ ምን ይሆን ነበር ብዬ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ማሽኑ ቀድሞ ነው የመጣው። ኮልፍ የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1943፣ በጦርነቱ መሀል ሠርቶታል። ችግሩ በየእጥበቱ አዲስ ደም ሥር መቅደድ ነበረባቸው፤ ደም ሥር ደግሞ ተቆጥሮ የተሰጠ ነገር ነው፣ ያልቃል። በ1960 ሲያትል ከተማ ስክሪብነር የሚባል ሐኪም ከክንድ ውጭ የሚንጠለጠል የቴፍሎን ቱቦ ተከለ፤ የመጀመሪያው ታማሚ በዚያ መንገድ 11 ዓመት ኖሯል። ቱቦው ግን ይዘጋል፣ ይመግላል። ከዚያ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በሚገኝ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ብሬሺያ እና ቺሚኖ የሚባሉ ሐኪሞች፣ አፔል ከሚባለው ቀዶ ሐኪም ጋር ሆነው፣ ቱቦውን ጥለው የሰውዬውን የገዛ ደም ሥሮች ሰፉ። በ1966 ለዓለም አሳወቁት። እኔ ክንድ ላይ ያለው ያው የእነሱ ስፌት ነው። በሙያዬ እንዲህ ዓይነት ፋሽን አይቼ አላውቅም፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልተለወጠ ቅድ!

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

እኔ ግራኝ ነኝ። መቀስ የምይዘው በግራ ነው። ፊስቱላ ደግሞ ብዙም በማይሠራው እጅ ላይ ነው የሚደረገው፣ ስለዚህ የእኔን ቀኝ አንጓዬ ላይ ሠሩልኝ። አብዛኛው ሰው ግን ቀኙን ስለሚጠቀም ፊስቱላው ግራው ላይ ነው። ይቺን ልብ በሉልኝ።

አንድ ሐሙስ ሌሊት ሆዴ ታወከ። ሲያስመልሰኝና ሲያስቀምጠኝ አደረ። ጠዋት ልጄ ደግፋ ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰደችኝ፤ ስሙን አልጽፍም፣ ቂምም የለኝም። ግፊቴ ከመጠን በላይ ወርዶ ነበር፣ እኔ ራሴ የማወራውን አላውቅም። ልጄ ነርሱን «ፊስቱላ አለው፣ ተጠንቀቁ» አለችው። እሱም ሰምቷል፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ተጠነቀቀም። ግራ ክንዴን ፈጽሞ አልነካውም። ቀኜን ከነሹራቡ ግፊት መለኪያ ጠቀለለበት። እየደጋገመ ለካ። ከዚያ እጅጌውን ገፋ አድርጎ እዚያው ክንድ ላይ ካኑላ፣ ግሉኮስ የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ፣ ሰካና ግሉኮስ ሰቀለልኝ። ልጄ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ተመልሳ ስታይ ጮኸች፣ ነቀሉት፣ ይቅርታም ጠየቁ። ግን ፈሳሽ በማለቁ ደሜ ወፍሯል፣ ግፊቱም ወርዷል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ክንዴ በተደጋጋሚ ታንቋል። ደም ለመርጋት ሌላ ምን ይፈልጋል?

ዓርብ ማታ ቤቴ ሆኜ እንደ ልማዴ ጣቴን አሳረፍኩበት። ዝም። ከፍ አደረግኩ፣ ዝቅ አደረግኩ፣ የልጅ ልጄን ጠርቼ ጆሮሽን አስጠጊ አልኳት። «ንቧ ተኝታለች» አለችኝ።

በዚያው ሌሊት ሌላ ቦታ ድንገተኛ ክፍል ሄድን። ተረኛው ወጣት ሐኪም በትህትና ነው ያናገረኝ። «ጋሼ፣ ያምዎታል?» አያመኝም። «ደም እየፈሰሰዎት ነው?» አይደለም። «እንግዲያው ድንገተኛ አይደለም፣ ሰኞ ተመላላሽ ክፍል ይምጡ።» ሰኞ ሄድኩ፣ ካርድ አወጣሁ፣ ተራ ጠበቅኩ፣ ለማክሰኞ ቀጠሩኝ። ማክሰኞ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ገባሁ። ክንዴን ይዞ «መቼ ነው ዝም ያለው?» አለኝ። ዓርብ አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም፤ በጣቶቹ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ብሎ ቆጠረና እጁን ጭኑ ላይ ጣለው።

የነገረኝን በእኔ ቋንቋ ላስቀምጠው። የተዘጋ ፊስቱላ ብዙ ጊዜ ይድናል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከተደረሰበት የረጋው ደም ገና ለስላሳ ነው። በትንሽ ቅድ ገብተው ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ያሳልፋሉ፣ ከረጋው ደም ማዶ ሲደርስ ፊኛውን ነፍተው ወደ ኋላ ይስቡታል፣ የረጋውም ተጠርጎ ይወጣል። ፎጋርቲ የሚባል አሜሪካዊ ነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይቺን ቱቦ የፈጠራት። በዚህ ግን አያበቃም። ፊስቱላ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ከስፌቱ አጠገብ ወይም ከፍ ብሎ የሆነ ቦታ ጠቦ ስለቆየ ነው። የጠበበው ካልተስተካከለ ነገ መልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ወይ በፊኛ ያሰፉታል፣ ወይ ቁራጭ ይጥፉበታል፣ ወይ የጠበበውን ትተው ደም መልሱን ከፍ ብሎ ካለ ጤነኛ ቦታ ጋር እንደ አዲስ ይሰፉታል። በቆየ ቁጥር ግን የረጋው ደም ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፣ ደም ሥሩም ይቆጣል። የእኔን ሞከረው። ጥቂት ወጣ፣ ከዚያ እምቢ አለ። በቃ፣ ያ አንጓ አለቀለት።

ጋዜጠኞች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ከጻፋችሁልኝ ይቺን ጻፉልኝ፦ ዝም ያለ ፊስቱላ ባያምም፣ ባይደማም፣ ድንገተኛ ነው። የዓርብ ጉዳይ ለሰኞ አይቀጠርም።

እጥበት ደግሞ አይጠብቅም፣ አንገቴ ላይ ካቴተር ተከሉልኝ። እጥበት የሚጀምር ሰው አብዛኛው ኩላሊቱ መድከሙን የሚሰማው በመጨረሻ ሰዓት ስለሆነ መጀመሪያ የሚያገኘው ይሄንኑ ነው። ቱቦው በአንገት ገብቶ ጫፉ ልብ ደጃፍ ይደርሳል። ምቹ ይመስላል፣ መርፌ የለም። ግን ከቆዳ ውጭ የቀረው ጫፍ የጀርም በር ነው። በሁለተኛው ወር እጥበት ላይ እያለሁ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጠኝ፣ ሦስት ጋቢ ደርበውልኝም አልሞቅ አልኩ። ደሜ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ተኝቼ በመድኃኒት ተረፍኩ። አጠገቤ ይታጠቡ የነበሩ ሁለት ሰዎች በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ ሰው «በኩላሊት ሞተ» ይላል፣ እውነቱ ግን በቱቦው ነው። በአንገት ሳይሆን ከፊት በኩል ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ በሚዘረጋው አጥንት ሥር የሚገባውማ የባሰ ነው፤ ትልቁን ደም መልስ ያጠብበዋል፣ በኋላ በዚያው ወገን ፊስቱላ ሲሠራ ክንድ እንደ በርሜል ያብጣል።

ሁለተኛው ፊስቱላዬን እዚያው ቀኝ ክንድ ክርን አካባቢ ሠሩልኝ። ምርጥ ሆኖ ወጣ። እሱንም እኔው ራሴ ላበላሸው ምንም አልቀረኝም።

ጥፋቱ እንዲህ ነው። መርፌው ቦታ እየቀያየረ፣ እንደ መሰላል ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ መወጋት አለበት። ግን አንድ ለስላሳ ቦታ ይገኝና ነርሷም ትወደዋለች፣ አንተም ስለማያም «ሲስተር፣ እዚያው» ትላለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው። ቦታው ሳሳ፣ አበጠ፣ እንቁላል አከለ። መንገድ ላይ ሰው አፍጥጦ ያየኛል። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ግቡ ግቡ» እያለ ክንዴን ሊጨብጥ ሲዘረጋ ነፍሴ ትወጣለች። ከዚያ ቆዳው አብረቀረቀ፤ የመርፌው ቅርፊትም አልወድቅ አለ። ይሄ ምልክት መሆኑን ማንም አልነገረኝም፣ ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም። ማበጡ ብቻውን ብዙ አያስቸኩልም። ያበጠው ቦታ ቆዳው ሲሳሳ፣ ሲያብለጨልጭ፣ የማይድን ቁስል ሲያወጣ፣ ከእጥበት በኋላም ደሙ አልቆም ሲል ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፈነዳ። ግድግዳው ላይ ነው የረጨው። ልጄ በድንጋጤ ነጠላዋን አወለቀችና ልትጠቀልለው ነበር። ባለቤቴ ግን «ልቀቂ!» ብላ ሁለት ጣቷን ቀዳዳው ላይ ተክላ ያዘች። ጨርቅ ቢከመርበት ደሙን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም፤ ቀዳዳው ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ጣት ነው የሚያቆመው፣ ክንዱንም ወደ ላይ ከፍ ማድረግ። በጎረቤት ላዳ እስክንደርስ ድረስ ጣቷን አላነሳችም። ሐኪሙ በኋላ «ያተረፈችዎት እሷ ናት፣ እኔ የሰፋሁት ብቻ ነው» አለኝ።

ስፌቱንም ላውራችሁ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ክንዴን ብቻ አደነዘዙት፣ ነቅቼ ነበር። የሞተውን ቆዳ ቆርጠው አወጡ። ያበጠውን ደም ሥር ከፍተው ትርፍ የሆነውን ግድግዳ ቀረጡና ወደ ልኩ መልሰው ሰፉት። «ዶክተር፣ ሰፊ ሱሪ ማጥበብ ማለት ነው» አልኩት፣ መጋረጃው ማዶ ሳቁ። ከላይ ያልተነካ ደም ሥር ስለተረፈኝ ቁስሉ እስኪድን በዚያ ታጠብኩ፣ አንገቴ ከቱቦ ዳነ። ሁሉም ግን እንደ እኔ አይታደልም። ቦታው መግሎ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጠጋኝ የለውም፣ ማዳኑ ማውጣት ነው። በገዛ ደም ሥሩ ፈንታ ክንዱ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቱቦ ለገባለት ደግሞ ይሄ ይብሳል።

አንድ የእጥበት ጓደኛዬ ደግሞ በተቃራኒው ፊስቱላው በጣም ጎበዝ ሆኖበት ተሰቃየ። ደሙን ሁሉ ወደ ራሱ እየወሰደ ጣቶቹን ያስርባል። ጣቶቹ በረዶ ሆኑ፣ እጥበት ላይ ሲሆን ያለቅስ ነበር። ጓንት አድርግ፣ ቅቤ ተቀባ፣ ያልመከርነው የለም። በመጨረሻ ቀዶ ሐኪም አየውና ፊስቱላውን በክር ሸብ አድርጎ አጠበበው። በዚያው ማታ ጣቱ ሞቀ። ጓንቱን አሁንም በኪሱ ይዞት ይዞራል፣ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የደም ሥር ቀዶ ሐኪም በአገራችን ጥቂት ነው፣ ያለውም ባብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ ይሄ በአንድ ደብዳቤ እንደማይፈታ አውቃለሁ። ገንዘብ የማይጠይቀውን ግን ማድረግ ይቻላል። ስኳርና ግፊት ያለበት፣ ኩላሊቱ መድከም የጀመረ ሰው፣ ገና እጥበት ሳይደርስ ክንዱ ይጠበቅለት፤ ደም ሲቀዳም ካኑላ ሲሰካም ከእጅ ጀርባ ይሁን። ሐኪሙ «እጥበት ሳይመጣ አይቀርም» ብሎ ካሰበ ወራት ቀደም ብሎ ለፊስቱላ ይላከው። እጥበት ክፍሎች መርፌውን ያዘዋውሩ፣ ታማሚው «እዚያው» ቢልም አይስሙት። ድንገተኛ ክፍሎች ደግሞ ያልኩትን ብያለሁ።

እኔ በበኩሌ የሸሚዞቼን ሁሉ ቀኝ እጅጌ ቀይ ጨርቅ አዙሬባቸዋለሁ፣ ራሴን ብስት እንኳ ልብሴ ይናገራል። ከክርን በላይ ዚፕም አስገብቼበታለሁ፣ በብርድ ሳላወልቅ እታጠባለሁ። ያዩ ታማሚዎች ወደዱት፣ እስካሁን ለአሥራ አንድ ሰው ሠርቻለሁ፣ ሁለቱ እንደ እኔ ግራኞች ናቸው። ደብዳቤዬን ካወጣችሁት ይቺንም አብራችሁ ጻፉልኝ፦ ጨርቁና ክሩ ከእኔ፣ ዚፑንና ሸሚዙን ይዞ የመጣ ታማሚ በነፃ እሰፋለታለሁ። ስልኬን ለእናንተ ለብቻ ጽፌ በፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ አትደውሉ፣ እጥበት ላይ ነኝ።

ግራኙ ልብስ ሰፊ፣ አዲስ አበባ